አፕላይድ ቴአትር ልማር? ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥሽ በፊት

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። በቴአትር ጥበባት የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ውጤቴ 2.9 ነው። ላለፉት አራት ዓመታት አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ስደትና ስለ ኤችአይቪ አጫጭር ድራማዎች እያዘጋጀን በየትምህርት ቤቱና በየገበያው እናሳያለን። አሁን በዚሁ ዘርፍ፣ አፕላይድ ቴአትር በሚሉት፣ ማስተርሴን መሥራት እፈልጋለሁ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል? ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ልሞክር ወይስ ከዘመድ ተበድሬ ልሂድ? የትወና ሰርተፊኬት ብጨምር ይጠቅመኛል? በጦርነቱ የተጎዱ ሴቶችን በድራማ ማከምም እፈልጋለሁ። የ4 ዓመት ልጅ አለችኝ።»

መልስ፦ ኮመንዌልዝን ተይው። የተዘጋጀው ለኮመንዌልዝ፣ ማለትም እንግሊዝና በብዛት የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ላሉበት ማኅበር፣ አባል አገሮች ዜጎች ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አባል ሆና አታውቅም። ተበድሮ መሄዱንም ተይው። እንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት ማስተርስ ለውጭ ተማሪ፣ ክፍያው ብቻ ብዙ ቦታ ከ20 ሺህ ፓውንድ ያልፋል። የቤት ኪራዩ፣ ቀለቡና ትራንስፖርቱ ገና አልተቆጠረም። የዚህ ሙያ ደመወዝ ያንን ብድር አይከፍልም፤ እዚህም እዚያም አይከፍልም። የተሻለ መንገድ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። የትወና ሰርተፊኬት ይጠቅመኛል ወይ ብለሽ መጠየቅሽ፣ ትምህርቱን «ስለ ማኅበራዊ ችግር የሚሠራ ቴአትር» አድርገሽ እንዳየሽው ያሳያል። ልዩነቱ ርዕሱ ላይ አይደለም። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የተጻፈ ድራማ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ያው ቴአትር ነው። አፕላይድ ቴአትር የሚጠይቀው ሌላ ነው። ድራማውን የሚሠራው ማነው? ከማን ጋር? ተመልካቹ ከማጨብጨብ ሌላ ምን ማድረግ ይችላል? እናንተ ዕቃችሁን ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላስ እዚያ ሰፈር ምን ይቀራል? ማስተርሱ ይህን ነው የሚያስተምረው። ትወና አያስተምርም። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን መድረክ ላይ ሳትወጪ ልትጨርሺው ትችያለሽ።

የራሴን አንድ ቀን ልንገርሽ። እንዳንቺ ጀማሪ በነበርኩበት ጊዜ ጎጃም ውስጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድን። አንድ ሚኒባስ፣ ስድስት ተዋንያን፣ ጄኔሬተር፣ ሁለት ሞንታርቦ፣ የድርጅቱ ባነር። ያሳየነው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ከሰንደቁ ሥር ነው። ታሪኩን ሳትሰሚውም ታውቂዋለሽ። የ13 ዓመት ልጅ ልትዳር ነው። መምህሯ ትመክራታለች። ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። ሠርጉ ይቀራል። ጭብጨባ። መድረክ መሪያችን «ጥያቄ ያለው?» አለ። ብዙ ጊዜ ማንም አይጠይቅም። ያን ቀን ግን ከኋላ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ የተከናነበች ልጅ እጇን አወጣች።

«ፖሊሱ እኮ ሠርጉ ላይ ተጠርቷል» አለች።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። መድረክ መሪውም ሳቀና «ጎበዝ!» ብሎ ማይኩን ለርዕሰ መምህሩ ሰጠ። እኔ አቴንዳንስ እያስፈረምኩ ነበር። ከምሳ በፊት ወጣን። ሪፖርቱ ላይ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ተማሪ እንዳየው ጻፍን። ልጅቷ የተናገረችውን የሚጽፉበት ቦታ ፎርሙ ላይ አልነበረም።

አንዲት ልጅ መላ ድራማችንን በአንድ አፍ ትክክል እንዳልሆነ አሳየችን። መፍትሔ ብለን ያመጣነው ሰው የሠርጉ እድምተኛ ነበር። እኛ ደግሞ ትተናት ሄድን። ማታ ቤቷ ስትገባ ምን እንደጠበቃት እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቷ ሰምቶ ይሆን? ፖሊሱስ? ይህ ሐሳብ ነው ወደ ትምህርቱ የመለሰኝ።

በዘርፉ የሠለጠነ ሰው እዚያች ቦታ ላይ ይቆማል። ልጅቷን ሳያጋልጥ ጥያቄዋን ይቀበላል። ትዕይንቱን እንደገና ያስጀምራል፤ አሁን ፖሊሱ ድንኳኑ ውስጥ ጠላ እየጠጣ ነው። «እሺ፣ አሁን ማን ጋ ትሂድ?» ይላል። አንዷ ትነሳና በልጅቷ ቦታ ገብታ አክስቷን ትሞክራለች። አልሆነም። ሌላዋ የሃይማኖት አባቱን ትሞክራለች። ይህ ፎረም ቴአትር ነው። ያመጣው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦዋል ነው። ወታደራዊው መንግሥት አስሮ ካሰቃየው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ተሰደደ። በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሲሠራ አንዲት ተመልካች ነበረች። ያቀረበችውን ሐሳብ ተዋንያኑ ቢሠሩትም ቢሠሩት «እንደዚያ አይደለም ያልኩት» እያለች አስቸገረች። በመጨረሻ «ነይ ራስሽ አሳዪን» አላት። ወጣች። ቦዋል ዘዴውን ያገኘው ከእሷ ነው። ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲሠራም በየሰፈሩ ከሚሠሩ ቴአትሮች የወጡ ሐሳቦችን ወደ ምክር ቤቱ እያመጣ 13 ያህል ሕጎች እንዲጸድቁ አድርጓል።

ይህን ስል አንቺ እስካሁን የሠራሽው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። መልእክት ያለው ድራማ ጊዜ ሲያገኝ ይሠራል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በ257 ክፍል ተላልፏል። ገጸ ባሕርያቱ ሲሳሳቱ፣ ሲጸጸቱ፣ ሲለወጡ አድማጩ ከሁለት ዓመት በላይ አብሯቸው ኖሯል። የእኛ የ40 ደቂቃ ድራማ ግን የ257 ክፍሉን ሥራ በአንድ ጠዋት ልሥራ ይላል።

ድራማዎቻችን ለምን ሁሌ መካሪ ሆኑ? የተዋንያን ስንፍና ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብት፣ በፆታ እኩልነትና በሕፃናት መብት ሥራ እንዳይገቡ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ «እጅ ታጠቡ» ይባላል እንጂ «ማን ከለከለሽ?» አይጠየቅም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተክቷል። ልማዱ ግን እጃችን ላይ ቀርቷል። ብዙዎቻችን ዛሬም ድራማ ስንጽፍ መጨረሻውን አስቀድመን እናውቀዋለን።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ የማይነግሩሽ ነገር። ቦዋል የሠራው የብራዚልንና የፔሩን ሰው ይዞ ነው። በፎረም ቴአትር ተመልካች «ቁም!» ብሎ ጮሆ ይነሳል። እኛ አገር አማቷ ፊት «ቁም!» ብላ የምትነሳ ሙሽራ የት አለች? ይሉኝታ አለ። ታላቅ ፊት አይወራም። ሰው እውነቱን በሰምና ወርቅ ጠቅልሎ ነው የሚያወጣው፤ ልክ እንደዚያች ልጅ። ዘዴውን እንዳለ ገልብጠሽ ሜዳ ላይ ብታወርጂው የሚነሱት ሁለት ደፋር ጎረምሶችና የቀበሌው ሰብሳቢ ናቸው።

ደግሞም ተመልካች ጣልቃ የሚገባበት ትዕይንት ከብራዚል አልመጣልንም። በላ ልበልሃን አስቢ። ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን አጣፍተው እየተንጎራደዱ በግጥምና በምሳሌ ይፋለማሉ፤ ዙሪያውን ያለው ሰው ይሰማል፣ ይፈርዳል። አውጫጭኙን አስቢ፤ ጥፋተኛው እስኪገኝ አገሬው ተሰብስቦ ይወያያል። የእድር ስብሰባ አለ። የቡና ሥነ ሥርዓት አለ፤ ሴቶች አደባባይ ላይ የማይሉትን ሦስተኛው ስኒ ላይ ይሉታል። እኔ ለሴቶች ቡድን ፎረም ቴአትር ስሠራ ሜዳውን ትቼ ረከቦቱ ዙሪያ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው ወሬው የመጣው። ይህ ለማስተርስ የሚሆን ጥያቄ ነው። «ይሉኝታ ባለበት አገር ተመልካች እንዴት ተዋናይ ይሆናል?» ብለሽ ብታመለክቺ አንባቢው ቀና ብሎ ያይሻል። «ቴአትር ኅብረተሰብን ይለውጣል» ብለሽ ብትጀምሪ አንቀጹን ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ማመልከቻ ያልፋል።

ስለ ሕክምናው ግልጽ ልሁን። አፕላይድ ቴአትር መማር ቴራፒስት አያደርግም። ድራማ ቴራፒ ራሱን የቻለ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ የጤና ሙያ ነው። እንግሊዝም ደቡብ አፍሪካም በጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት ሳይመዘገቡ በዚያ ስም መሥራት አይቻልም። ፍላጎትሽ ይገባኛል፤ ሴቶቹ አሉ፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው። ግን የተደፈረች ሴት የደረሰባትን መልሳ እንድትተውነው ማድረግ ቁስሉን መንካት ነው፤ ከፍተሽው መዝጊያ ከሌለሽ ትጎጃታለሽ። ማንንም የራሱን የጦርነት ታሪክ አታስተውኚ። ከእነሱ ጋር መሥራት ከፈለግሽ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሁኚ፤ የምትሠሩትም ዘፈን፣ ጨዋታ፣ ተረት ይሁን። እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ገደብ ፖለቲካ ነው። ኬንያ ሊሙሩ አጠገብ፣ ካሚሪቱ በተባለ መንደር፣ ገበሬዎችና ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1977 በገዛ እጃቸው ክፍት መድረክ ሠርተው በኪኩዩ ቋንቋ ስለ መሬታቸው ቴአትር አሳዩ። ፈቃዱ ከሳምንታት በኋላ ተነጠቀ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ መጨረሻ ታሰረና አንድ ዓመት ገደማ ያለ ፍርድ ቆየ። በ1982 መድረኩን ራሱን አፈረሱት። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ሰው እውነተኛ ጥያቄውን እንዲያነሳ ስትጋብዢ አደጋውንም አብረሽ ትጋብዣለሽ፤ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ አንቺ ሳትሆኚ እዚያው የሚቀረው ሰው ነው። ጥሩ ፕሮግራም ይህን በሥነ ምግባር ኮርስ ብቻ አያልፈውም፤ ከእስረኞች፣ ከስደተኞች ወይም ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር አስገብቶሽ ያሠራሻል።

እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ። ስማቸው ይለያያል፤ አንዱ አፕላይድ ቴአትር፣ ሌላው አፕላይድ ድራማ፣ ሌላው ቴአትር ለልማት ይለዋል። ስትፈልጊ ሁሉንም ሞክሪ። እንግሊዝ ውስጥ ለንደን ያሉት ሮያል ሴንትራልና ጎልድስሚዝስ፣ እንዲሁም ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በዘርፉ ይታወቃሉ። ማንቸስተር በእስር ቤት ቴአትር የቆየ ሥራ አለው። ከአፍሪካ ጆሃንስበርግ የሚገኘው የዊትስ ዩኒቨርሲቲ «ድራማ ፎር ላይፍ» ለእኛ የቀረበ ነው። የሚነሱት ችግሮች የምናውቃቸው ናቸው፤ ኤችአይቪ፣ ድህነት፣ ከግጭት በኋላ አብሮ መኖር። ድራማ ቴራፒም እዚያው አለ። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የእነሱ ሥርዓት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ኦነርስ የሚሉት አንድ ዓመት አለው። የአንቺ ዲግሪ ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን ሳክዋ የተባለው የአገሪቱ የትምህርት ማስረጃ ባለሥልጣን ይመዝነዋል። ይህ ወራት ስለሚወስድ ቀድመሽ ጀምሪ። ዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲም በቴአትር ለልማት ከአህጉሩ ቀደምት ነው። ዳንስ ላይ ካደላሽ ኮሬዎመንዱስ የሚባል፣ በአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የሚሰጥበት ማስተርስ አለ፤ እሱ ግን ያዘነበለው ወደ ውዝዋዜ ጥናትና ቅርስ ነው። ይህን የምታነቡ ኒው ዮርክ ያላችሁ ደግሞ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪውኒ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዚሁ ሙያ ማስተርስ ይሰጣል። ኤምኤ (መደበኛው ማስተርስ) ወይስ ኤምኤፍኤ (በጥበብ ሥራው ላይ የሚያተኩረው) የሚለው አያስጨንቅሽ፤ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማር ካላሰብሽ ኤምኤ ይበቃሻል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ለአንቺ የሚሆነው ቺቭኒንግ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፤ ክፍያውን፣ የወር ኑሮውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይሸፍናል። ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሙሉ ቀን ከሠራሽ የሁለት ዓመት ያህል ነው፤ አንቺ አልፈሻል። በበጎ ፈቃድ የሠራሽውም ይቆጠራል። ሦስት ኮርስ ትመርጫለሽ። ስትጨርሺ 2 ዓመት አገርሽ መቀመጥ ግዴታ ነው። ለዚህ ሙያ ይህ ሸክም አይደለም፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። የአሜሪካው ፉልብራይትም ተመሳሳይ የ2 ዓመት ግዴታ አለው።

ልጅሽን በተመለከተ ግን ቁርጡን ልንገርሽ። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ እንግሊዝ በኮርስ የሚሰጥ ማስተርስ የሚማር የውጭ ተማሪ ልጁንም የትዳር ጓደኛውንም ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም፤ እንደ ቺቭኒንግ ባለ የመንግሥት ስኮላርሺፕ የሚሄድ ግን ይፈቀድለታል። ቢሆንም ቺቭኒንግ የልጅሽን ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ ጥያቄው የልጅሽን ወጪ ራስሽ ትችያለሽ ወይ፣ ካልቻልሽ ደግሞ አንድ ዓመት ከ4 ዓመት ልጅ ተለይተሽ ትኖሪያለሽ ወይ ነው። ይህን አንቺና ልጅሽን የምትይዝልሽ ሰው ብቻ ናችሁ የምትወስኑት። «አልችልም» ካልሽ ሽንፈት አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሶሻል ወርክ ማስተርስ ይሰጣል። ቴአትር የሚችል ሶሻል ወርከር በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ እኔ ብቀጥር ቀድሜ የምቀጥረው እሱን ነው።

2.9 ውጤትሽ በር ያጠብባል እንጂ አይዘጋም። እነዚህ ኮርሶች የሥራ ልምድ ይመዝናሉ። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ብዙዎቹ 6.5 ወይም 7 ይጠይቃሉ፤ የትወና ሰርተፊኬት የምትከፍይበትን ገንዘብ እዚያ ላይ አውይው።

ዲግሪው ሥራ ያስገኝልኛል ወይ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ግን ትጠይቂያለሽ። «አፕላይድ ቴአትር ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ አታገኚም። የሚቀጥሩሽ በኮሙኒቲ ሞቢላይዜሽን፣ በሕፃናት ጥበቃ፣ በሥነ ልቦናዊ ድጋፍ ስም ነው። ያም ቢሆን ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ብዙ ጓደኞቻችን ሥራቸውን አጥተዋል። አንድ ለጋሽ ላይ የተንጠለጠለ ሙያ እንዳይሆንብሽ አስቢበት።

የእኔ ምክር፦ ዘንድሮ አታመልክቺ። አራት ዓመት ሠርተሻል፤ ግን ከነገርሽኝ ተነስቼ አንድ ቡድን ጋር ከሁለት ቀን በላይ የቆየሽ አይመስለኝም። እኛ አገር ይህ ሥራ ጊዜ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የአዱኛ ዳንስ ቡድን የጎዳና ልጆችን ይዞ አምስት ዓመት አሠለጠነ። አምስት ዓመት! ከእነሱ መካከል የራሳቸውን የዳንስ ቡድን ያቋቋሙ ወጡ። እኛ ሦስት ቀን ወርክሾፕ ሰጥተን አበል ከፍለን «አበቃናቸው» እንላለን።

ስለዚህ ከሰፈርሽ 12 ሰው ያዢ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ቢሆኑ፣ ስለ ስደት ስትሠሪ ስለኖርሽ መነሻ አለሽ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት፣ ስምንት ወር። አበል የለም፤ ቡናና ቆሎ ይኑር። የእድሩን ቤት ለምኚ። ድራማ ይዘሽ አትሂጂ። ከእነሱ ጋር ተጫወቺ፤ ታሪኩ ራሱ ይመጣል። የመጣው የአንዷ የግል ታሪክ ከሆነ ስሙን፣ ቦታውንና መልኩን ለውጡና የሁሉም አድርጉት። ቪዲዮ አትቅረጪ። በየሳምንቱ ማታ ደብተር ላይ ጻፊ፤ ማን ቀረች፣ ለምን ቀረች፣ የቱ ጋ ዝም አሉ፣ አንቺ የቱ ጋ ተሳሳትሽ። የማመልከቻ ጽሑፍሽን የምትጽፊው ከዚያ ደብተር ነው። ከስምንት ወር በኋላም ልትሄጂ ከፈለግሽ ለቺቭኒንግ ሴንትራልን፣ ማንቸስተርንና ጎልድስሚዝስን አስገቢ፤ ጎን ለጎን ዊትስን ሞክሪ። የቺቭኒንግ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ነሐሴ ገደማ ይከፈታል።

አንድ ነገር ግን ስምንት ወር አይጠብቅም። የወጪ መጋራት ክፍያሽን ካልጨረስሽ ዋናውን ዲግሪ አይሰጡሽም፤ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ለማስላክም ሬጅስትራር ተመላልሰሽ ነው። በዚህ ምክንያት የመግቢያ ደብዳቤ በእጁ ይዞ የቀረ ሰው አውቃለሁ። እሱን በዚህ ሳምንት ጀምሪ።